ዶሮ ቤቱ የፈረሰበት ሳምንት

ሰኞ፣ ኅዳር 8 ቀን 1990

ስልኩ የተደወለው አንዲት ተማሪዬ የኋላ ማርሽ ፈልጋ ሦስተኛ ስታስገባ ነው። የመኪና ማሠልጠኛው ጸሐፊ ከቢሮ እስከ ሜዳው እየሮጠች መጣች። "ጋሽ ዘነበ፣ ከፉሪ ነው። ስለ ዶሮ ነው የሚሉት።"

እኔ ዶሮ አላዘዝኩም።

የደወሉት አቶ ጌታሁን ናቸው፣ ልጄ ሰላማዊት የምትኖርበት ግቢ ዳይሬክተር። ዕድሜያቸውን ሙሉ ትምህርት ቤት ሲመሩ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። በስልክም ቢሆን ቆሜ ነው የማናግራቸው።

"አቶ ዘነበ፣ ዛሬ ጠዋት ምግብ አብሳያችን ወይዘሮ ሙሉ በግቢው ፒክአፕ የዶሮ ቤቱን ግድግዳ አፍርሰዋል።"

"ሰው ተጎዳ?"

"ሰው አልተጎዳም። አርባ ዶሮ ግን በየማሳው ተበትኗል።"

"እግዚአብሔር ይመስገን" አልኩ። ሰው ባለመጎዳቱ ማለቴ ነው። "ታዲያ እኔ ምን..."

"መንዳት ያስተማረቻቸው ልጅዎ ናት።"

እዚህ ላይ አንድ አባት የሚለው ነገር አለ። እኔ ግን "በስንተኛ ማርሽ ነበሩ?" አልኩ። አቶ ጌታሁን ነገ ሦስት ሰዓት ቢሮ እንድገኝ ነግረውኝ ዘጉት።

ይህን የምጽፈው ባረጀ የተማሪዎች መመዝገቢያ ደብተር ላይ ነው። ከላይ "ፍሬን አያያዝ" የሚል ዓምድ አለው። ማንም ስለማያነበው ነገሩን እንዳለ ላስቀምጠው።

ሰላማዊት አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። ስሙን ያወጣሁላት እኔ ነኝ፤ ጥፋቱ የኔ ነው። የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪን ወደቀች። ለእኛ አለፍኩ አለችን። ከዚያ ሰባት ወር ሙሉ ዩኒፎርም ለብሳ ዘጠነኛ ክፍል "ትማር" ነበር። በር ድረስ የማደርሳት እኔው ነኝ። እጇን አውለብልባልኝ በፊት በር ትገባለች፣ በኋላ በር ትወጣለች። ግንቦት ላይ የማሠልጠኛውን መኪና ይዛ ከሁለት ጓደኞቿ ጋር ደብረ ዘይት ሐይቅ አይታ ተመለሰች። አንድ ጭረት የለበትም። ያወቅሁባት ከእኔ አሳምራ ስላቆመችው ነው። ክረምቱን ሦስት ጊዜ ከቤት ጠፋች። ሦስተኛው ላይ እኔና እናቷ አቅም አጣን።

የፉሪው ግቢ እንደሷ ያሉ ልጆች እያደሩ የሚማሩበት ነው። ጠዋት ትምህርት፣ ከሰዓት ሥራ፣ ማታ ምክር። ከገባች አምስት ሳምንቷ ነው። በሁለተኛው ሳምንት በአሥራ አንድ ልጆች ስም ለየቤታቸው "ታምሜያለሁ፣ ምግብ ይዛችሁ ኑ" የሚል ደብዳቤ ጻፈችላቸው። አሥራ አንድ ቤተሰብ ዶሮ ወጥ ይዞ በአንድ ቀን መጣ። ያ አንደኛ ጥፋት ተባለ። ዶሮ ቤቱ ሁለተኛ ነው። ሦስተኛው ማሰናበቻ ነው። ከተሰናበተች የሚቀበላት ትምህርት ቤት የለም። እኛ ቤት ደግሞ እንደማትቀመጥ አይተናል።

ለአልማዝ ማታ ነገርኳት። ባለቤቴ ራሷን ይዛ ቆየችና "ሴትዮዋ በስንት ቀን ለመዱ?" አለችኝ። እኔም ያንን ማወቅ ፈልጌ ነበር።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

ፉሪ ደርሼ መጣሁ። እስከ ሐና ማርያም በታክሲ፣ ከዚያ ወዲያ በእግር። ከደብረ ዘይቱ ጉዞ በኋላ አለቃዬ የመኪናውን ቁልፍ ኪሱ ውስጥ ነው የሚያሳድረው።

ሰላማዊት ቢሮው ውስጥ ቆማለች። ፀጉሯ ላይ ላባ አለ። ላነሣላት እጄን ዘረጋሁና ተውኩት።

አቶ ጌታሁን "ሐሳቡ የማን ነበር?" አሏት።

"የኔ።"

ከበሩ ኋላ "የኔ ነው" የሚል ድምፅ መጣ። ወይዘሮ ሙሉ ናቸው፤ ሽርጥ እንደታጠቁ ገቡ። "እኔ ነኝ የለመንኳት።"

"እትዬ ሙሉ፣ እኔ ነኝ አልኩ እኮ።"

"ልጄ፣ በዚህ ዕድሜዬ አታስዋሺኝ።"

አቶ ጌታሁን ጠረጴዛውን መታ መታ አደረጉ። ጥፋት ወደ ሌላው ሲገፋ እንጂ ሁለት ሰው ሲሻማበት ያዩ አይመስለኝም።

ቀስ በቀስ ነገሩ ወጣ። የፒክአፑ ሾፌር ታሟል። የግቢው ቧንቧ ደርቋል። ውሃ የሚመጣው በርሜል ተጭኖ በፒክአፑ ነበር። ዳይሬክተሩ ለስብሰባ ሲሄዱ ወይዘሮ ሙሉ ሦስት ቀን ውሃ በጀሪካን በጀርባቸው ተሸከሙ። ሰላማዊት "መኪናው ቆሞ ለምን በጀርባዎ?" ብላ ታስተምራቸው ጀመረች። ሁለት ቀን ጥሩ ሄደ። ሰኞ ጠዋት ወይዘሮ ሙሉ ፍሬን የረገጡ መስሏቸው ነዳጅ ረገጡ። ይህ ስንት ተማሪዎቼን ያጋጠመ ነው። ልነግራቸው አልኩና ጊዜው እንዳልሆነ ገባኝ።

"ለምን አልነገራችሁኝም?" አሉ አቶ ጌታሁን።

"አልጠየቁንም" አለች ልጄ። ዓይኔን ጨፈንኩ።

ፍርዱ እንዲህ ሆነ። ግድግዳው እስከ ዓርብ ማታ ይሠራል። የሚሠሩት ሰላማዊትና እኔ ነን።

"እኔ ምን አጠፋሁ?"

"ማስተማሩን ከማን ወረሰችው?"

እውነቱን ለመናገር እኔ አንድ ቀን እንኳ መሪ አስይዣት አላውቅም። ግን አልተከራከርኩም። ምክንያቱም ከዚያ ቀጥሎ ያሉት ነገር ጆሮዬ ውስጥ ገብቷል፤ ግድግዳው ካለቀና ሌላ ጥፋት ካልመጣ፣ ለጾሙ ቅበላ ቅዳሜና እሑድ ቤቷ መሄድ ትችላለች። እሑድ አሥራ አንድ ሰዓት ትመለሳለች። ካልተመለሰች ያ ሦስተኛው ነው።

ማታ ሌላ ጉድ ጠበቀኝ። ሰፈራችን መካኒሳ ያለ ሰው ሁሉ ሰላማዊት ናዝሬት እህቴ ብርቄ ዘንድ እየተማረች ነው ብሎ ነው የሚያውቀው። ወሬውን የጀመረችው አልማዝ ናት። "ትማራለች" የሚለውን የጨመርኩት እኔ ነኝ። ዛሬ ጎረቤታችን እትዬ የሺ ብቅ ብለው "ሐሙስ ናዝሬት ለተዝካር እሄዳለሁ። ለልጅቱ የምትልኩት ካለ ስጡኝ" አሉ።

አልማዝ እምቢ ማለት አልሆነላትም። ሹራብ ሰጠቻቸው። በእግር ለሚደረስባት ልጅ ሹራብ በናዝሬት በኩል ላክን።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10

ከአለቃዬ ሦስት ቀን ፈቃድ ወሰድኩ። ለምን እንደሆነ ሲጠይቀኝ "የግንባታ ሥራ" አልኩት።

ጭቃ እንዲህ ነው የሚቦካው፦ አፈር፣ ውሃ፣ ጭድ፣ እግር። ሱሪያችንን ጠቅልለን ገባንበት። ለአንድ ሰዓት ያህል እኔ ብቻ ነበርኩ የማወራው። "ግራ፣ ቀኝ፣ ቀስ በይ፣ ዳሩን አትርሺ።" እሷ ትረግጣለች። ልጆቹ በመስኮት ያዩናል። አንዱማ በደንብ ለማየት ወንበር አምጥቶ ነው።

በመጨረሻ ጠየቅኋት። "መንዳት ማን አስተማረሽ?"

"አንተ።"

"እኔ? መቼ?"

"ጎፋ ሜዳ።"

ነገሩን ስትነግረኝ እግሬ ጭቃው ውስጥ ቆመ። ያን ሰባት ወር በኋላ በር ስትወጣ የምትሄድበት አልነበራትም። በዩኒፎርም በከተማው መዞር የሰው ዓይን ይስባል። ስለዚህ እኔ የማስተምርበት ሜዳ ዳር፣ ባሕር ዛፎቹ ኋላ ድንጋይ ላይ ትቀመጣለች። ምሳዋን እዚያ ትበላለች። በስምንት ሰዓት ከእኔ ቀድማ ቤት ትገባለች።

"ድምፅህ ሩቅ ይሰማል" አለችኝ። ከዚያ በእኔ ድምፅ ጀመረች። "ፍሪሲዮን እርገጥ። ማርሽ አስገባ። ቀስ ብለህ ልቀቅ። ጠፋብህ? ምንም አይደል፣ ይጠፋል። አይዞህ፣ እንደገና።"

ቁርጥ እኔን። መስኮቱ ላይ ያሉት ሳቁ። እኔም ልስቅ ነበር።

"ለተማሪዎችህ አንዱን ነገር አሥር ጊዜ ትደግምላቸዋለህ" አለች። "አንድ ቀን ስትቆጣ አላየሁህም። ሚኒስትሪ ወደቅሁ ብልህ ኖሮ ስንት ጊዜ 'እንደገና' ትለኝ ነበር?"

መልሱን አውቀዋለሁ። ብዙ ረገጥኩ።

"ጭድ ጨምሪበት" አልኳት። ጨመረች።

ስመለስ ከሰፈሩ ሱቅ ወደ ናዝሬት ደወልኩ። እህቴ ብርቄን እትዬ የሺ እንደሚመጡ ነገርኳት። "ምን በያቸው ነው የምትለኝ?" አለች። "የሆነ ነገር በያቸው።" እሷም "ገበያ ሄዳለች እላለሁ። ሁለተኛ ግን ለእንዲህ ያለ ነገር እንዳትደውልልኝ" አለች። በአርባ ስምንት ዓመቴ ታናሽ እህቴ ተቆጣችኝ።

ስለ ጎፋው ሜዳ ለአልማዝ አልነገርኳትም። እንዴት እንደሚነገር አላወቅሁም።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11

አልማዝ "እኔም እመጣለሁ" አለች። ዘበኛው ቦርሳዋን ፈተሸ። ምግብ ማስገባት የተከለከለ መሆኑን ታውቃለች።

"ፔርሙዙ ውስጥ ምንድን ነው እትዬ?"

"ሻይ።"

"እስቲ ይቅመስ" ብሎ ኩባያ አመጣ። ፔርሙዙን ቢደፋው ሻዩ አልወርድ አለ። ነቀነቀው። ከታች መታው። በስተመጨረሻ አንድ ጉርሻ የሚያህል የቋንጣ ፍርፍር ኩባያው ውስጥ ዱብ አለ። ሰውዬው ቀና ብሎ አየን፣ ኩባያውን አየ፣ ቀመሰ። "ሻዩ ጥሩ ነው" ብሎ ፔርሙዙን ዘበኛ ቤት አስቀረው። ስንወጣ ባዶውን ታጥቦ አገኘነው።

አልማዝ ጥግ ላይ ቆማ ትንሽ አየችንና ጫማዋን አወለቀች። ሦስታችንም ጭቃ ውስጥ ገባን። ሦስት ሆነን አንድ ሥራ ከሠራን ስንት ጊዜያችን እንደሆነ አላስታውስም። ሰላማዊት እናቷን "እማዬ፣ ዳሩን አትርሺ" አለቻት፤ በእኔ ድምፅ። አልማዝ ሳቀችና ያዳልጣት ጀመር። ክንዴን ያዘች፤ እኔም አብሬያት ቁጭ አልኩ። ሙሉ በሙሉ ቁጭ።

ያን ጊዜ ጭቃው ውስጥ ተቀምጬ ስለ ጎፋው ሜዳ ነገርኳት። ሰላማዊት መርገጧን ቀጠለች። አልማዝ ወደ እሷ ዞራ፣ "በዝናቡስ ጊዜ የት ትሆኚ ነበር?" አለቻት።

"ከዛፍ ሥር።"

"ያ ሁሉ ጉንፋን ከዚያ ነዋ" አለች አልማዝ። ሌላ አልጠየቀችም። ነጠላዋን አወለቀችና የልጇን ፊት ጠረገችላት፤ ጭቃውን አበዛችው እንጂ አልቀነሰችውም።

ስጋቶቼ ዛሬ፦ ግድግዳው ወደ ግራ ያዘነብላል። ሦስት ዶሮ አልተገኘም። ወገቤ። እትዬ የሺ አሁን ናዝሬት ናቸው።

ዓርብ፣ ኅዳር 12

ኅዳር ሲታጠን ነው። ከመካኒሳ እስከ ፉሪ ሰው ሁሉ ቆሻሻውን ከምሮ እያነደደ ነው። ታክሲው ውስጥ ሁላችንም ስንሳል ደረስን።

ግድግዳው በአሥር ሰዓት አለቀ። ጥሩ አልልም። ሰላማዊት ከሩቅ አይታው "ሽቅብ የሚወጣ መኪና ይመስላል" አለች። እውነቷን ነው። ግን ቆሟል።

ከማሳው ማዶ የሚኖሩት ኦቦ ቱሉ የጠፉትን ሦስት ዶሮዎች በቅርጫት ይዘው መጡ። የዚያ አገር የጥንት ገበሬ ናቸው፤ ዶሮዎቹ ሰኞ ጠዋት በቀጥታ እሳቸው ቤት ነው የገቡት። "አራት እንቁላል ጥለዋል። እሱ የኔ ነው" አሉ። አቶ ጌታሁን ትንሽ አሰቡና "የርስዎ ነው" አሉ። ተጨባበጡ።

ከዚያ ምርመራው ሆነ። አቶ ጌታሁን ኮታቸውን አውልቀው ለወይዘሮ ሙሉ ሰጡና ግድግዳውን በትከሻቸው ገፉት። አንዴ። ሁለቴ።  ግድግዳው ዝም አለ። ትከሻቸው ላይ የእጅ መዳፍ የሚያህል ጭቃ ቀረ።

"ነገ ጠዋት ትሄጃለሽ" አሏት። "እሑድ አሥራ አንድ ሰዓት።"

"እሺ ጋሼ።"

"አሥራ አንድ ተኩል አይደለም።"

"አሥራ አንድ።"

ወይዘሮ ሙሉ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው "እኔንስ በደንብ ያስተምሩኛል?" አሉኝ። አቶ ጌታሁን ሰምተዋል። ወደ ሌላ አቅጣጫ እያዩ "የሾፌሩ ጤና እንደሆነ አያስተማምንም" አሉ። ፈቃድ ነው ብዬ ወሰድኩት። ከታኅሣሥ ጀምሮ በየሳምንቱ አንድ ቀን፣ ከዶሮ ቤቱ ራቅ ብለን።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13

ቤት ገባች። ክፍሏን ዞር ዞር ብላ አየች። አልጋዋ ላይ ቁጭ አለች፣ ተነሣች፣ እንደገና ቁጭ አለች። እንግዳ ትመስላለች። እኛም እንደ እንግዳ "ተጫወቺ" እያልናት ነበር።

በዘጠኝ ሰዓት በሩ ተንኳኳ። እትዬ የሺ ናቸው፤ ከናዝሬት ከአውቶቡስ እንደወረዱ። አልማዝ ሰላማዊትን ወደ ጓዳ ገፋቻት። እኔ በሩ ላይ በቁመቴም በስፋቴም ቆምኩ።

"ዘነበ፣ ልጅህን ሳላገኛት መጣሁ" አሉ። "ገበያ ሄዳለች ብትለኝ እህትህ፣ ሦስት ሰዓት ሙሉ ተቀምጬ ጠበቅኋት። ምሳ በላን። ልብስ አጣጠፍን። ምን ዓይነት ገበያ ነው?"

"ናዝሬት ገበያው ሰፊ ነው" አልኩ።

"ደግሞ ከክፍሏ አንደኛ ወጣች አለችኝ።"

ብርቄ፣ እንዲያው ይቅር ይበልሽ። እኔ "የሆነ ነገር በያቸው" አልኩ እንጂ አንደኛ አውጪያት አላልኩም።

አፌን ልከፍት ስል ሰላማዊት ከጓዳ ወጣች። እናቷ ቀሚሷን ከኋላ ይዛት ነበር፤ ለቀቀቻት።

"እትዬ የሺ፣ ናዝሬት አልነበርኩም" አለች። "ሚኒስትሪ ወድቄ ሰባት ወር ዋሽቻለሁ። መኪና ወስጃለሁ። ከቤት ጠፍቻለሁ። አሁን ያለሁት ፉሪ ነው፣ እንደኔ ያሉ ልጆች የሚኖሩበት ግቢ። የናዝሬቱን ውሸት እኔ አልዋሸሁትም፤ ግን የመጣው ከእኔ ነው። ስለጠበቁኝ ይቅርታ።"

የምደበቀው በሩ ላይ የቆምኩት እኔ ነኝ እንጂ እሷ አይደለችም ብዬ አሰብኩ፤ ከበሩ ዞር አልኩ። እትዬ የሺ ገብተው ተቀመጡ። አዩዋት፣ እኔን አዩኝ፣ አልማዝን አዩ። እኛን ሲያዩ ረዘም አደረጉት።

"እዚያ ምን ትሠራላችሁ?" አሏት።

"እንማራለን። አትክልት እንተክላለን። ዶሮ እናረባለን።"

"እንቁላሉን ትሸጣላችሁ?"

"አንዳንዴ።"

"የሱቁ እንቁላል እኮ አስኳሉ ነጭ ሆኗል" አሉ እትዬ የሺ። ስለ እንቁላል ረጅም ጊዜ ተጨዋወቱ። ሲወጡ በሩ ላይ ክንዴን ያዝ አድርገው "ልጅቷ ከናንተ ትሻላለች" አሉኝ። ቅር አላለኝም። ሹራቡ ግን ናዝሬት ቀረ።

እሑድ፣ ኅዳር 14

ሰላማዊት ዛሬ ጠፋች።

ነገ ጾም ስለሚገባ አልማዝ ከቅዳሴ መልስ ያላትን ሁሉ አብስላ ነበር። በልተን አልጠግብ ብለን እንደገና በላን። እኔ ራዲዮኑን ይዤ ኳስ ጨዋታ ወደማዳምጥበት ወንበር ሄድኩ። አልማዝ ጓዳ ልጅቷ የምትወስደውን እየቋጠረች ነው፤ ግቢው ምግብ እንደማያስገባ ቢነገራትም። ዘጠኝ ሰዓት ላይ "ሰላም" ብላ ብትጣራ መልስ የለም። ክፍሏ ባዶ ነው። ቦርሳዋ የለም።

አልማዝ አልጮኸችም። በርጩማው ላይ ተቀመጠች። "እንግዲህ አራተኛው ነው" አለች። ከዚህ በፊት ሦስቴ ጠፍታለችና።

እትዬ የሺ ቤት ሄድኩ፤ የለችም። አቦ ቤተ ክርስቲያን ደጅ፤ የለችም። ወደ ጎፋ ሜዳ ሮጥኩ። ከመካኒሳ ጎፋ በእሑድ ጫማ። ባሕር ዛፎቹ ሥር ድንጋዩን አገኘሁት፤ ለስላሳ ነው፣ ሰው የተቀመጠበት። እሷ ግን የለችም። ትንሽ ተቀመጥኩበት። ከዚያ ሜዳው ሁሉ ይታያል።

አሥር ሰዓት ሲሆን አልማዝ "ሄደን እንንገራቸው" አለች። "ከሌላ ከሚሰሙ።" ታክሲ ውስጥ የምንለውን ተለማመድን። እኔ "ጥፋቱ የኔ ነው" እላለሁ። አልማዝ "አንድ ዕድል ስጧት" ትላለች። ማን ቀድሞ እንደሚናገር ተጨቃጨቅን። ከሐና ማርያም ወዲያ ያለውን መንገድ እንዴት እንደጨረስነው አላውቅም።

ዘበኛው በሩን ከፍቶ "ዛሬ ሻይ የለም?" አለ። አላየነውም። ቀጥታ ወደ ቢሮው ስንሄድ ከወጥ ቤቱ መስኮት ሰላማዊት ብቅ አለች። ሽርጥ ታጥቃለች፣ እጇ ላይ ቢላዋ፣ ፊቷ ላይ ግርምት።

"ምን ሆናችሁ? ማን ሞተ?"

አልማዝ ግድግዳ ተደግፋ ቆመች። እኔ "የት ሄድሽ?" ነው ያልኩት፤ ያለችበት ቦታ ቆሜ።

"ዛሬ እራት የማበስለው እኔ ነኝ። እትዬ ሙሉ ዕረፍት ናቸው። ቀድሜ መምጣት ነበረብኝ።"

"ሳትነግሪን?"

"ነግሬሃለሁ እኮ አባዬ። አጠገብህ ቆሜ 'እራት ተረኛ ነኝ፣ በስምንት ተኩል ታክሲ ልሂድ፣ ለእማዬም ንገራት' አልኩህ። 'እሺ' አልከኝ።"

"እኔ?"

"'እሺ፣ እሺ' ነው ያልከው። ሁለቴ።"

አልማዝ ወደ እኔ ዞረች። ላስታውስ ሞከርኩ። ኳሱ ትዝ ይለኛል። ጎሉ ትዝ ይለኛል። ከጎሉ በፊት አጠገቤ የሆነ ሰው ነበረ መሰለኝ። አፌ ደግሞ "እሺ" የማለት ልማድ አለው፤ ይህን አልክድም። በዚህ ሁሉ ዓመት ምን ምን እየተባልኩ "እሺ" እንዳልኩ እግዜር ይወቀው።

"ይቅርታ" አልኳት። "አልሰማሁሽም ነበር።"

ልጄ ትንሽ አየችኝ። "ምንም አይደል" አለች። ሽንኩርቷን ልትከትፍ ተመለሰች።

አቶ ጌታሁን ከቢሯቸው ወጥተው ሰዓታቸውን አዩ። ለአሥራ አንድ አምስት ጉዳይ ነው። "ሰላማዊት በዘጠኝ ተኩል ገብታለች" አሉ። "እናንተን ምን ልርዳችሁ?" ምን እንደሚረዱን አላወቅንም። ደህና እደሩ ብለን ወጣን።

ሊመሽ ሲል ታክሲ አገኘን። ከኋላ ወንበር ተጠጋግተን ተቀመጥን። የሚቀጥለው ሳምንት እንዴት እንደሚሆን አላውቅም። አቶ ጌታሁንም አያውቁም፤ ጠይቄያቸው ነበር። ላፍቶን ስናልፍ አልማዝ የሆነ ነገር አለችኝ። "እሺ" ልል አፌን ከፍቼ ቆምኩ።

"ምን አልሽ?" አልኳት።

"ነጠላዬ ላይ ተቀምጠሃል ነው ያልኩህ። ከሐና ማርያም ጀምሮ።"

ተነሣሁላት።